የሳልሳ ቆርቆሮዋ አበባ

የረጠበ ዝገት ሲሸተኝ ልጅ እሆናለሁ። ሌላው ሰው ልጅነቱ በትኩስ ዳቦ ወይም በአዲስ ቅቤ ሽታ ትመለስለት ይሆናል፤ የእኔዋ ግን እንዲህ ያለ ወግ አልደረሳትም፣ ውሃ ጠግቦ ከሥሩ ጠብ ጠብ ከሚል አሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምትወጣው። ባለፈው ክረምት ከአንድ ጎረቤት ጣራ ሥር ዝናብ ሊቀበል በተቀመጠ የዛገ ጣሳ አጠገብ ሳልፍ ሽታው መጣና እግሬ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ነፋሱ ጃንጥላዬን እየጎተተ እኔ እዚያው ተገትሬ እናቴን አየኋት፤ ጎንበስ ብላ፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ በጣቷ አፈር እየነካካች «ጠጣሽ ወይ እመቤቴ?» ስትል። እመቤቴ የምትለው እኔን አልነበረም፣ እህቴን እታለምንም አልነበረም። አበባዪቱን ነበር፤ ያውም አበባ አውጥታ የማታውቅ አበባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ጎንደርን ለቆ ሲወጣ ብዙ ነገር ጥሎ ሄደ፤ ፒያሳን ጣለ፣ የማኪና መንገዱን ጣለ፣ ለእኛ ቤት ድርሻ ደግሞ በሳልሳ ቆርቆሮ የተተከለች አንዲት ተክል ደረሰችን። የእናቴ ታናሽ እህት አክስቴ ጥሩነሽ ፒያሳ ላይ ለአንዲት ጣሊያን ሴት ልብስ ታጥብ ነበርና፣ ሴትዮዋ ሻንጣዋን ይዛ ስትሄድ ተክሊቱን ለእሷ ተወችላት። አክስቴም ጥቂት ዓመታት አኖረቻትና፣ በተራዋ ሹፌር ባሏን ተከትላ አሥመራ ልትገባ ስትነሣ ቆርቆሮውን አቅፋ ወደ እኛ ቤት መጣች። እኔ ያኔ ጡት ላይ ስለነበርኩ አላስታውሰውም፤ እናቴ ግን ደጋግማ ከማውራቷ የተነሣ በዓይኔ ያየሁት ይመስለኛል።

«በገና ታብባለች» አለቻት አክስቴ። «ደግሞ ከፈለግሽ ትራባለች። በቢላ እንዳትነኪያት፣ ከመገጣጠሚያዋ ላይ ጠምዘዝ አድርገሽ አላቅቂያት፣ ቁስሏ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ላይ አስተኚያትና ከዚያ አሸዋ በበዛበት አፈር ትከያት። ውሃ አታብዥባት።»

እናቴ ከዚህ ሁሉ ልቧ የገባው «በገና ታብባለች» የሚለው ብቻ ነው። ስለ መጠምዘዙ ስትሰማ «ኧረ በስመ አብ፣ የእንግዳ እጅ ይጠመዘዛል እንዴ?» ብላ አማተበች አሉ።

መልኳ ለማያውቃት ግራ ነበር። ግንድ የላት፣ ወጉ የደረሰው ቅጠል የላት፤ ጠፍጣፋና ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው አረንጓዴ ነገር አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ እየተቀጠለ፣ እንደ አባቴ መቁጠሪያ ተያይዞ ወደ ታች ይንጠለጠላል። ጎረቤታችን እትዬ ላቀች፣ ምላሷ የማያርፍ ልቧ ግን ሸጋ የነበረች ሴት፣ ገና ስታያት «ይቺማ ቁልቋል ናት፣ የጣሊያን ቁልቋል» ብላ ፈርዳ ጨረሰች። በእኛ አገር ቁልቋል የአጥር ነው፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል እየተባለ ልጅ እንዳይነካው የሚከለከል ነው፤ እሱን እልፍኝ አስገብቶ ማኖር ጅብ እንደ ማላመድ ነው የሚቆጠረው። እናም ሰፈርተኛው እናቴን «ቁልቋል ያሳደገች» እያለ ያሽሟጥጣት ነበር። እናቴ ወይ ፍንክች።

አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ፣ ቤታችንም ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ነበረ። እልፍኛችን ውስጥ በምሥራቁ ግድግዳ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅላ፣ ከሥዕሏ ፊት ከመሸ እስኪነጋ የማትጠፋ የላምባ ኩራዝ ነበረች። ኩራዟ የእኔ ናት። ከታላቅ እህቴ በኋላ የተወለዱትን ልጆች ሁሉ አፈር በልቷቸው ነበርና፣ እኔ ስወለድ እናቴ «ይቺን ከተውሽልኝ ፊትሽ አይጨልምም» ብላ ተሳለች። እንግዲህ ለክብር እንግዳ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይመጣል? ቆርቆሮው ከሥዕሏ ሥር፣ ከኩራዟ አጠገብ ተቀመጠ። ገና መጣ፣ አላበበችም። ሌላ ገና መጣ፣ አላበበችም። እኔ ድክ ድክ አልኩ፣ አፍ ፈታሁ፣ ከአባቴ እግር ሥር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርኩ፤ እሷ እንደዚያው አረንጓዴ ሆና ቀረች። እትዬ ላቀች በየገናው ብቅ እያለች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላ ቅኔዋን ዘርፋ ትሄድ ነበር።

አበባዋን አይቻለሁ የምትል ከቤታችን አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፣ እህቴ አስካለ። እኔ እታለም ነበር የምላት፤ በዕድሜ እጅግ ስለምትበልጠኝ ግማሽ እህቴ ግማሽ እናቴ ነበረች። ልጅ ሳለች በአክስቴ ቤት ለገና ሄዳ አይታታለች። ክረምት ክረምት ዝናቡ ከጣራው ጠርዝ እንደ መጋረጃ ሲወርድ፣ ሁለታችን በረንዳው ላይ አንድ ጋቢ ለብሰን እንቀመጥና ንገሪኝ እላት ነበር። «ካንዱ አበባ ውስጥ ሌላ አበባ ይወጣል» ትለኛለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ካፉ ደግሞ ረጅም ምላስ ያወጣል። ቀለሙ ከጽጌረዳ ይደምቃል፣ ከቀይ ይፈዝዛል። ሲያዩት ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል።» እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማትና፣ የዝናቡ ድምፅና የእሷ ድምፅ ተደባልቀው እንቅልፍ ይወስደኛል፣ በህልሜም አበባዋ በእልፍኛችን ጣራ ላይ ተንጠልጥላ ስትዋኝ አያለሁ። እናቴ ግን «ልጅ ሆና ያየችውን ማን ያምናል» ትል ነበር። አስካለ ይሄ ነገር ከልቧ ይቆጫት ነበር፤ ሰው ውሸታም ሲላት የማትችል ልጅ ነበረች።

በአንዱ ክረምት ነው እታለም የታጨችው። ሽማግሌዎቹ ከዛሪማ ድረስ መጥተው፣ ጭቃቸውን በደጃፉ ድንጋይ ላይ ጠርገው ገቡ። ልጁ ዘለቀ ይባላል፣ የደህና ሰው ልጅ ነው፣ ያርሳል፣ በገበያ ቀን እህል ይነግዳል፣ ምንም የሚነቀፍ ነገር አልተገኘበትም፤ የሚነቀፈው አገሩ ብቻ ነበር። ዛሪማ ማለት ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን ቁልቁል ተወርዶ ነው፣ ቆላ ነው፣ ወባ ነው። ለእናቴ ሊማሊሞን የወረደ ሰው የተቀበረ ያህል ነበር። አባቴ እሺ ካሉ በኋላ እሷ ስለ ጋብቻው ለብዙ ቀን አፏን ዘጋች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ ትስቃለችም፣ ግን እታለም ከቤት ስትወጣ በዓይኗ እስከ በር ትሸኛታለች።

አንድ ቀን እታለም ሽንብራ እየለቀመች «እምዬ፣ ከአበባዋ አንድ ዘለላ ስጪኝ፣ ይዣት ልሂድ» አለቻት።

«ምን በወጣት? ልትሰብሪያት ነው?»

«አክስቴ አትሞትም ብላለች።»

«አክስትሽ አሥመራ ናት። አበባዋን ያላየሁላትን ልጅ አካሏን አልቆርጥም። ስታብብ እሰጥሻለሁ።»

ሁላችንም ይቺ ተክል እንደማታብብ እናውቅ ነበር። እናቴ የምትለው ሌላ ነገር መሆኑን እታለም ገባት መሰለኝ፣ ሽንብራዋን መልቀም ቀጠለች።

መስከረም ጠባ፣ ጥቅምት ገባ። ሠርጉ ለጥር ስለተቆረጠ ቤቱ አዲስ ምርጊት ይመረግ ተባለና የእልፍኙ ዕቃ ወጥቶ ባዶ ቀረ። ጭድ የተቦካበት ጭቃ ሽታ ሰፈሩን ሞላው፤ ሥዕሏና ኩራዟ በክብር ወደ አባቴ መኝታ ተዛወሩ፣ ቆርቆሮው ግን በዚያ ግርግር ለማን እንደተሰጠ ሳይታወቅ ጓዳ ገብቶ ከጎታው በስተጀርባ፣ ከትንሿ መስኮት ሥር ቁጭ አለ። ጓዳው ቀን ቀን ከመስኮቷ የምትገባ ለስለስ ያለች ብርሃን ይኖረዋል፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ድቅድቅ ያለ ነበር፣ ብርዱም ግድግዳው ውስጥ ያድራል። ለእናቴ የሠርግ ጣጣ መጣባት፤ ብቅል አለ፣ ጌሾ አለ፣ በርበሬ አለ፣ እመቤቴን ማን ያስታውሳት። አልፎ አልፎ እታለም አንዲት ጉንጭ ውሃ ጠብ ታደርግላት ነበር፣ ሌላ ማንም ዞር ብሎ ያያት የለም።

የነቢያት ጾም እኩሌታውን ካለፈ በኋላ አንድ ቀን እናቴ ሽሮ አምጪ ብላ ጓዳ ላከችኝ። ጎታው ጋ ጎንበስ ስል በመስኮቷ ብርሃን ላይ በየጫፉ፣ በየመቁጠሪያው ፍሬ መጨረሻ፣ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀይ ነገር ተሰክታ አየሁ። መጀመሪያ ትል መስሎኝ ሸሸሁ። ከዚያ ተመልሼ በጣቴ ነካኋት፣ ለስላሳና ቀዝቃዛ ነበረች። ሽሮውን ረስቼ እየሮጥኩ ወጣሁ።

እናቴ መጥታ አየች፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ቁጭ ብላም አለቀሰች። እታለም ከኋላዋ ቆማ «ዋሽቻለሁ?» ብቻ አለች፣ ፊቷ በርቶ። እናቴን ግን ደስታው ልቦናዋን አሳጥቷት ኖሮ፣ እንዲህ ያለ ነገር በጓዳ አይቀመጥም፣ ወደ ክብሯ ትመለስ ብላ ቆርቆሮውን አቅፋ ወደ እልፍኝ ወጣች። ግድግዳው ደርቆ ሥዕሏ ተመልሳ ነበር፣ ኩራዟም ተመልሳ ነበር። እዚያው አስቀመጠቻት፣ ጎረቤትም ተጠራ። በማግሥቱ የስንዴ ቅንጣቶቹ አንድ ሁለት እያሉ መርገፍ ጀመሩ። በየማለዳው መሬት ላይ እናገኛቸው ነበር፣ እናቴም እየለቀመች ነጠላዋ ጫፍ ላይ ትቋጥራቸዋለች፤ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ልጆቿ መስሏት እንደሆነ አሁን ሳስበው ይገባኛል፣ ያኔ ግን ለቅሶዋን በማየቴ ብቻ አብሬ አለቅስ ነበር።

እታለም ናት ቆርጣ የተነሣችው። እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ ቆርቆሮውን አንሥታ ጓዳ መለሰችው፣ መስኮቷም ሥር እንደቀድሞው አድርጋ አስቀመጠችው። እናቴ ስትመለስ ነገር ሊነሣ ሲል አባቴ ገቡ። ጎንበስ ብለው፣ ጥምጥማቸው የጓዳውን መቃን እየነካ፣ የተረፉትን ቅንጣቶች አዩ።

«ይቺ ባሕታዊት ናት» አሉ። «ባሕታዊ መብራት ምን ያደርግለታል? ጨለማ በዓቷን ስትፈልግ ነው የኖረችው።»

«የእመቤታችንን ፊት ጠላች ማለት ነው ታዲያ?» አለች እናቴ፣ ቅር ብሏት።

«ምነው! እመቤታችን ራሷ የወለደችው የት ነው? በቤተ መንግሥት ነው? በበረት አይደለም እንዴ?»

ቆርቆሮው እዚያው ጓዳ ቀረ። ከመሪጌታ ጋር በቃል ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው በቤታችን አልነበረም።

ገና በደረሰ ጊዜ ከተረፉት ጥቂት ቅንጣቶች አበቦቹ ወጡ። እታለም እንዳለችው ነበሩ፣ ቃል በቃል፤ ካንዱ አበባ ሌላ አበባ፣ ካፉም ረጅም ምላስ፣ ውሃ ውስጥ ያለ የሚመስል ቀለም። በጓዳው ግራጫ ብርሃን ውስጥ የራሳቸው የሆነ ብርሃን የያዙ መስለውኝ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ፣ ያቺን ጠዋት ሳስባት እስከ ዛሬ ድምፅ የላትም፣ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የተባለውን አልሰማም። ሰፈርተኛው እየተጋፋ በጓዳችን አለፈ። አባቴ «ዕፁብ ውእቱ» ብለው በግዕዝ አደነቁ፣ እትዬ ላቀች ጎንበስ ብላ አየቻቸውና «በይ እንግዲህ ገንፎውን አምጪልን፣ ወልደሽ የለም እንዴ» አለች። እናቴ ሳቀች። ያን ክረምትና ያን በጋ ከልቧ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

ጥምቀት አለፈና ሠርጉ ደረሰ። ስለ ዘለላው ማንም አላነሣም። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «አራስ አይቆረጥም» ብላ ነበር። እታለም ሰማቻት። ሆኖም የሠርጉ ቀን የጭነት ማኪናው ከበራችን ፊት ለፊት ቆሞ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ሙሽራይቱን ሊያሳፍሩ ሲሉ፣ እናቴ ከሰው መሀል ጠፋች። እኔ ተከትያት ገባሁ። ጓዳ ውስጥ ቆማ፣ አበባዋ የረገፈላትን ተክል በግራ እጇ ደግፋ፣ በቀኟ አንዱን ዘለላ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ ጠምዘዝ አደረገችው። ቀጭ የሚል ትንሽ ድምፅ ተሰማ። እናቴ ደም የሚወጣ መስሏት ነው መሰለኝ ቁስሉን አየችው፣ ምንም አልነበረም፤ ልክ ለዚሁ ተብሎ እንደተሠራ ንጹህ ሆኖ ነው የለቀቀ።

በመሐረቧ ጠቅልላ ወጣችና ማኪናው ላይ ለተቀመጠችው እህቴ አቀበለቻት።

«ቁስሏ በመንገድ ይደርቅላታል» አለቻት። «ስትደርሺ አሸዋ በበዛበት ትከያት። ውሃ አታብዥባት። እሰይ ልጄ፣ በይ ሂጂ።»

እታለም መሐረቡን ደረቷ ላይ ያዘችው፣ ማኪናውም ተነሣ። እናቴ አቧራው እስኪቀመጥ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ነው የዝገት ሽታ ያለው። ውሃ አታብዥ ያለችው ሴት ራሷ ውሃ ማብዛት ጀመረች። ከሰፈራችን በላይ ወደ ደባርቅ የሚወጣ ማኪና ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ይሰማ ነበር፤ ያን ድምፅ በሰማች ቁጥር እናቴ ከተቀመጠችበት ትነሣና ጣሳዋን ይዛ ጓዳ ትገባለች። የእታለም ወዳጅ በደጃፍ ስታልፍ ካየች ታጠጣለች። እታለም የምትወደውን ወጥ ከሠራች ታጠጣለች። «ጠጣሽ ወይ እመቤቴ?» ትላታለች፣ እጇንም ከአፈሩ ውስጥ ማውጣት ይሳናታል። ቆርቆሮው ከሥሩ ጠብ ጠብ ይል፣ ይዝግ ነበር፣ ጓዳው ሁሉ እርጥብ ዝገት ይሸት ነበር። አባቴ «ተይ፣ አንቺ ሴት፣ አሰጠምሻት» ቢሏት «የጠማት መስሎኝ ነው» ትል ነበር።

ክረምት ሲገባ ከዛሪማ የሚመጣ ወሬ ተቋረጠ። ሊማሊሞ ተንዶ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ፤ ወባው ዘንድሮ ከፍቷል የሚልም ወሬ ከገበያ ተሰማ። እናቴ ማጠጣቷን አባሰችው። በሐምሌ ተክሊቱ መቅላት፣ ከዚያ መልፈስፈስ ጀመረች፣ የመቁጠሪያው ፍሬዎች አንድ በአንድ በገዛ ክብደታቸው ወደቁ፣ በነሐሴም ከሥሯ በስብሳ አለቀች። እናቴ ይህን እንደ ምልክት ቆጠረችው። አፏን ሞልታ አልተናገረችም፤ መናገሩ ራሱ ሟርት ነውና። ግን ባዶውን ቆርቆሮ ከጎታው ጀርባ ደብቃ «አስካለ ብትልክባችሁ አበባዋ ደህና ናት በሉልኝ» ብላ እኔንና አባቴን አስማለችን፣ ከዚያም ከሥዕሏ ፊት የምትቆምበት ጊዜ ረዘመ። እኔ ለእኔ በተሳለችው ኩራዝ ፊት ለእህቴ ስትለምን እያየሁ፣ በልቤ እመቤቴ ማርያም ሆይ እኩል አካፍዪን እል ነበር።

መስከረም አልፎ መንገዱ ተከፈተ። ጥቅምት ላይ፣ እናቴ የአዘቦት ነጠላዋን ለብሳ በርበሬ ስታሰጣ፣ አንድ የጭነት ማኪና በራችን ላይ ቆመ። መጀመሪያ ዘለቀ ወረደ፣ ቀጥሎ እጁን ዘርግቶ እህቴን አወረዳት። ከስታ ነበር፣ ጠቁራ ነበር፣ ሆዷ ግን ገፍቶ ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደውና ልትወልድ መጣች። እናቴ በርበሬውን ረግጣ አለፈች፣ አቀፈቻት፣ ፊቷን ዳበሰቻት፣ ክንዷን ዳበሰቻት፣ በሕይወት መኖሯን በእጇ የምታረጋግጥ ይመስል።

እህቴ ገና ሳትቀመጥ «አበባዋስ?» አለች።

እናቴ እጇን ከእህቴ ላይ አነሣች። አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ እግሬን አየሁ። በመጨረሻ እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለችና «ገደልኳት» አለች። «በናፈቅሽኝ ቁጥር ሳጠጣት ገደልኳት። አንቺንም የገደልኩሽ መስሎኝ ክረምቱን በሙሉ አልተኛሁም ልጄ።» ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

እታለም ወደ ዘለቀ ዞር አለች። እሱ ከማኪናው ላይ በነጠላ የተሸፈነ ግማሽ ቅል አወረደ። እህቴ ተቀብላ ነጠላውን ገለጠችና እናቴ ጭን ላይ አስቀመጠችው። በቅሉ ውስጥ፣ በዛሪማ አሸዋ ላይ፣ እመቤቴ ነበረች፤ ሦስት አራት ዘለላ አውጥታ፣ በቆላው ፀሐይ ጥቂት ቀላ ብላ።

«ምነው እምዬ፣ ምን ያስለቅስሻል» አለቻት። «ሰጥተሽኝ የለም እንዴ? አገሩ ሞቃት ነው፣ ከእንስራው ጥላ አኑሬ ነው ያቆየኋት። ገናዋ አልደረሰም። ለአንቺ ታብብ ብዬ አመጣኋት።»

እናቴ አሸዋውን በጣቷ ነካካች። ተክሊቱን ጓዳ ያስገባት እኔ ነኝ፣ ከመስኮቷ ሥር፤ ማንም ሳይነግረኝ።

ኅዳር ላይ እህቴ ወንድ ልጅ በደህና ተገላገለች፣ በዚህ ጊዜ እትዬ ላቀች የእውነቱን ገንፎ በላች። በገናም ከቅሉ ውስጥ አንዲት አበባ ብቻ ወጣች፣ እናቴ የልጅ ልጇን ታቅፋ ጓዳ እየገባች ታሳየው ነበር፣ እሱ የሚያየው እሷን ብቻ ቢሆንም። ከጥምቀት በኋላ ዘለቀ ሊወስዳቸው ሲመጣ ማንም አልጠየቀም፤ እናቴ ራሷ ጓዳ ገባች፣ ቀጭ የሚለውም ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ማኪና ዳገቱ ላይ ሲያቃስት ጣሳዋን አላነሣችም። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ትከትና ድምፁ እስኪርቅ ታዳምጣለች፣ በማግሥቱ ከደጃፍ ላገኘችው ሰው አንድ ዘለላ ጠምዝዛ ትሰጣለች። መጀመሪያ የደረሳት እትዬ ላቀች ናት፤ ያን የጣሊያን ቁልቋል በመስኮቷ ላይ አድርጋ ስታሞላቅቅ ኖራ ነው የሞተች።

ሁሉም አልፈዋል አሁን፣ እታለምም ጭምር። ኩራዟ በትንሽ አምፖል ተተክታ ከሥዕሏ ፊት እስከ ዛሬ ትበራለች፣ እኔ አለሁና። የቸገረኝ ጨለማ ማጣት ነው። ያኔ ፀሐይ ስትጠልቅ ጎንደር ትጠልቅ ነበር፤ ዛሬ ከመንገዱ ማዶ የሆቴሉ መብራት፣ ከደጃፌ የቀበሌው መብራት፣ ጓዳዬ ሳይቀር ሌት ተቀን የነጋበት ነው። እናም ጥቅምት ሲገባ፣ ማታ ማታ፣ የእናቴን አሮጌ ጋቢ አምጥቼ እመቤቴን እሸፍናታለሁ፣ ጠዋት እገልጣታለሁ፤ የልጅ ልጆቼ «አያቴ አበባ ታስተኛለች» እያሉ ይስቁብኛል። በየገናው ግን ታብባለች፣ በዚያው ቀለም። እናቴ ስትናፍቀኝ እጄ ሳላስበው ወደ ጣሳው ይሄዳል፤ ውሃውን መልሼ አስቀምጠውና አንድ ዘለላ ጠምዘዝ አድርጌ፣ ቀጭ ሲል ሰምቼ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ ለሰው እሰጣለሁ።